ከመጽሐፉ የወጣው ኬላ

ቦንጋ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር። ያደግሁት ሰሜን ሸዋ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ዛፍ በማይታይበት ደጋ ነው። የጂኦግራፊ መምህርት ሆኜ የምደባ ወረቀቴን ይዤ ከጅማ ስነሳ፣ የጎጀብን ወንዝ ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ፣ በሚኒባሱ መስኮት የማየው አረንጓዴ ማለቂያ ስላልነበረው ፈራሁ። ዝናቡም እንደዚያው ነው። የሰቀልኩት ልብስ በሦስት ቀን አይደርቅም፤ የማርመው የፈተና ወረቀት እርጥበት ጠጥቶ ቀይ እስክሪብቶዬ ይፈስበታል። ሁለቱ ዓመት አለቀ፣ ሌላም ዓመት መጣ፤ ከዚያ ወረዳ ወደዚህ ወረዳ እየተዛወርኩ ፀጉሬ እዚሁ ሸበተ።

ይህ የምነግራችሁ ነገር የደረሰው ከቦንጋ ራቅ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ ሳስተምር ነው። አንድ ቀን ከወረዳው ቢሮ አንድ ኃላፊ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። የአካባቢው ተወላጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰው ሲናገር ጨርሶ የሚያዳምጥ።

«የወረዳችንን ታሪክና መልክዓ ምድር በመጽሐፍ ልናወጣ ነው» አለኝ። «ዘንድሮ ለምናከብረው የወረዳው በዓል መድረስ አለበት። ታሪኩን እኔ እይዛለሁ፣ መልክዓ ምድሩን አንቺ ያዢልን።»

ደስ አለኝ። ስለ ዓባይና ስለ ራስ ዳሸን ስንት ዓመት ሳስተምር ተማሪዎቼ በየቀኑ የሚሻገሩትን ወንዝ ስም አላውቅም ነበር። ኃላፊው ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ትልቅ ካርታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። ወንዞቹ በሰማያዊ መስመር ተሰምረዋል፣ ስም ግን የላቸውም። ኮረብታዎቹ ላይ ከፍታቸው ብቻ በቁጥር ተጽፏል። ከወረዳው እኩሌታ በላይ የሚሆነው አረንጓዴ ተቀብቶ «ደን» ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም።

«የእነዚህን ስም ማን ይነግረኛል?» አልኩት።

«አንድ ሰው አለ። ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ነው። ጫካውን እንደ እሱ የሚያውቅ የለም። ግን…»

«ግን ምን?»

«ምንም። ጥሩ ሰው ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ከቢሮው በር ላይ ተገናኘን። ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ቦቲ ጫማ ያጠለቁ፣ ገጀራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። እጄን ስዘረጋ ግራ ቀኝ አዩና መዳፋቸውን ሳይሆን አንጓቸውን ሰጡኝ። እጃቸው ቆሽሾ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ኃላፊው በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል፤ «አንተ፣ መምህርትን በደህና መንገድ ውሰዳት» አላቸው። እሳቸው እኔን «እርስዎ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አባቴ ይሆናሉ እኮ። አንቺ ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉና እስከ መጨረሻው ድረስ «እርስዎ» እንዳሉኝ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ወጣን። አማርኛቸው ከአገሩ ቋንቋ ከካፊኖኖ የተሻገረ ስለሆነ አጭር አጭር ነበር፤ ሲናገሩ ቃሉን እየፈለጉ ነው። አንድ ምንጭ ዘንድ ስንደርስ ይቆሙና ስሙን በካፊኖኖ ይሉታል፤ እኔ እጽፋለሁ፣ አነብላቸዋለሁ፣ ያርሙኛል፤ ረዘም አድርጊ ለማለት እጃቸውን ወደ ፊት ይስባሉ። ቀጥሎ ትርጉሙን ይነግሩኛል። አንዷ ጎሽ የሰጠመባት ናት። አንዷ ምጥ የያዛት ሴት ያረፈችባት ናት። ከቁርጭምጭሚት የማታልፈው ትንሽዬ ጅረት እንኳን ስም ነበራት።

«ይቺንም ካርታ ላይ እንጻፋት?» አልኳቸው እየሳቅሁ።

«ለምን አይጽፉም? በጋ ሲሆን ትልቁ ይደርቃል፣ እሷ አትደርቅም። ላሞች የሚያውቁት እሷን ነው።»

በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ ገበሬ ቤት ምሳ ተጋበዝን። ባለቤቲቱ በርጩማ ሰጥታ ከውስጥ አስቀመጠችኝ። ቆጮና ጎመን በሳህን ቀረበልኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሽማግሌው የሉም። በበሩ ሳይ፣ ከአጥሩ ሥር ሣር ላይ ተቀምጠዋል፤ ባለቤቲቱ ወጥታ የእሳቸውን ድርሻ በእንሰት ቅጠል ላይ አድርጋ፣ እጃቸውን ሳትነካ መሬት ላይ አኖረችላቸው።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«እዚህ ነፋስ አለ፣ ይሻለኛል» አሉ ቀና ሳይሉ።

እኔም በላሁ።

ማታ ወደ ቤት ስመለስ ለአከራዬ ነገርኳት። ደግ ሴት ናት፤ ስታመም ሾርባ ሠርታ አልጋዬ ድረስ የምታመጣልኝ። «ማንጆ ናቸው እኮ። አታውቂም ነበር?» አለችኝ።

«ቢሆኑስ?»

«እንዲያው ነው። እነሱ ጫካ ውስጥ እያደኑ የማይበላ ይበላሉ ይባላል። ከጥንት ጀምሮ አብረን አንበላም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እዚህ ቤት አስገብተሻቸዋል?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ቤት ምሳ ሲቀርብ ሳህኔን ይዤ ወጣሁና አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ልቤ ሞቆ ነበር። ባለቤቲቱ በሩ ላይ ቆማ አየችን፤ ፊቷ ተቀያየረ። ባልየው በካፊኖኖ ሽማግሌውን አንድ ነገር ተናገራቸው፤ ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም። እሳቸው ሳይጨርሱ ተነሡ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህርት፣ ይሄን ሌላ ቀን አያድርጉ» አሉኝ።

«ለምን? እነሱ ናቸው ያጠፉት።»

«እርስዎ ነገ ይሄዳሉ። እኔ ሳምንት በዚህ ደጅ ነው የማልፈው። ቀፎዬ በእነሱ ዛፍ ላይ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ምሳዬን ቋጥሬ መውጣት ጀመርኩ፤ ጫካ ውስጥ ከግንድ ላይ ተቀምጠን አብረን እንበላለን። ስለዚህ ነገር ደግመን አልተነጋገርንም።

ዝናቡ ትንሽ ጋብ ያለበት ሰሞን ወደ አንድ ሸንተረር ወሰዱኝ። ረጅም ጉድብ ነው፤ ሰው ቆፍሮት እንጂ ጎርፍ ያወጣው እንዳልሆነ ያስታውቃል። ሐረግና እሾህ ሞልቶታል፤ ግርጌው አይታይም። ስለ ጉድቦቹ ኃላፊው ቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ የካፋ ንጉሥ፣ ታቶ የሚሉት፣ አገሩን በዙሪያው አስቆፍሮ በኬላ ያስጠብቅ እንደነበር፤ መጨረሻው እንዴት እንደሆነና ንጉሡ ተይዞ ከአገሩ እንደተወሰደ። ይህንን ሲያወራልኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሽማግሌው ከጉድቡ አንድ የተደለደለ ቦታ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ኬላው እዚህ ነበር። ከውጭ የመጣ ሰው በዚህ ብቻ ይገባል። ጠባቂዎቹ እኛ ነበርን። የአባቴ አያት እዚህ ቆሟል፤ አባቴ ቦታውን አሳይቶኛል።» በገጀራቸው ጉድቡን እያሳዩ «ያኔ እኛ ካላሳለፍን ማንም አይገባም» አሉ።

ከሩቅ የጉሬዛ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ይሄን ይጽፉታል?»

«እጽፈዋለሁ።»

«የሰፈራችንንስ ስም?»

«እሱንም እጽፈዋለሁ።»

ሰፈራቸው ከጉድቡ ወረድ ብሎ ጫካው አፍ ላይ ነው። ካርታው ላይ ግን ያ ቦታ «ደን» ነው። ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ሴቶቹ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ሽማግሌው ሚስታቸው ሞታ ከአንድ ልጃቸው ጋር ነበር የሚኖሩት። ልጅቷ ሰባተኛ ክፍል ነበረች፤ ትምህርት ቤት ለመድረስ በጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ትሄዳለች።

«ክፍል ውስጥ ከማን ጋር ትቀመጫለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ብቻዬን» አለች። ቀጠል አድርጋ «ይመቸኛል፣ ደብተሬን ሰፋ አድርጌ እዘረጋለሁ» አለችኝ። አባቷ ይህን ሲሰሙ ወደ ውጭ ወጡ።

ጽሑፉን በሁለት ወር ጨረስኩ። የወንዞቹን ስም በሙሉ፣ ኮረብታዎቹን፣ ቀርከሃው የሚጀምርበትን ከፍታ፣ የጫካ ቡናው የሚያልቅበትን ሸለቆ ጻፍኩ። ስለ ጉድቡ በጻፍኩት ገጽ ላይ የኬላው ጠባቂዎች እነማን እንደነበሩ፣ ዘራቸውም ዛሬ እዚያው ሥር እንደሚኖር፣ የሰፈሩንም ስም አስገባሁ። በመቅድሙ ሽማግሌውን በስማቸው አመሰገንኩ።

ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር ወንበሬን አቅርቤ ነበር የምሰማው። የጉድቡን ገጽ አውጥቶ በእስክሪብቶ አሰመረበት።

«ይሄ ይወጣል» አለ።

«ለምን? ውሸት ነው?»

«ውሸትማ አይደለም። አያቴም እንዲሁ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቅሬታ ያስነሳል። መምህርት፣ የእኛን ታሪክ ስንት ዘመን ሌላ ሰው ነው ሲጽፍልን የኖረው። አሁን ገና በእጃችን ሲገባ በዚህ እንጀምር ነው የምትዪው? ለበዓል የሚወጣ መጽሐፍ ነው።»

«የሰፈሩ ስምስ ምን አደረገ?»

«ካርታው ላይ የለም እኮ።»

«ካርታውን የምንሠራው እኛ ነን።»

«በሚቀጥለው እትም እናስገባዋለን» አለና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ የምፈርምበትን ቦታ አሳየኝ።

አሁን ሳስበው መከራከር እችል ነበር። ቢያንስ ስሜን አውጡልኝ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ያን ሰሞን ወደ ቦንጋ ለመዛወር አመልክቼ ነበር፤ ማመልከቻዬ እዚያው ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኃላፊው ስለ ዝውውሩ ትንፍሽ አላለም፤ ይህንን ለእሱ መመስከር አለብኝ። እኔው ነኝ በልቤ ያያያዝኩት። ፈረምኩ። ወጥቼ በዝናቡ ውስጥ ጃንጥላዬን ሳልዘረጋ ቤቴ ገባሁ።

መጽሐፉ ለበዓሉ ደረሰ። ሽፋኑ ላይ ፏፏቴ አለ፤ ከውስጥ የእኔ ስም በአዘጋጅነት ተጽፏል። የውሃዎቹ ስም አንድም አልቀረም። ምስጋናው «ለአካባቢው ሽማግሌዎች» ይላል።

በሰሞኑ ልጅቷ ትምህርት ቤት በረፍት ሰዓት መጣች። «አባቴ መጽሐፉ ደረሰ ወይ ብለሽ ጠይቂ ብሎኛል» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት። መጽሐፉ መደርደሪያዬ ላይ ነበር።

በሳምንቱ ደግማ መጣች። «ገና ነው።» ሦስተኛ ስትመጣ ከሩቅ አየኋትና መምህራን ማረፊያ ገብቼ እስክትሄድ ቆየሁ።

ዝውውሬ ተፈቅዶ ዕቃዬን ስሸክፍ ግን ሳላያቸው መሄድ አልቻልኩም። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ሰፈራቸው ወጣሁ። ሽማግሌው ሲያዩኝ ሮጠው ወጡ ማለት ይቻላል። ንጹሕ ሸሚዝ ለበሱ፤ ማር በገበቴ ቀረበልኝ። መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሽፋኑን በእጅጌያቸው ጠረጉና ለልጃቸው ሰጧት። እሳቸው ማንበብ አይችሉም።

«ከውሃዎቹ ጀምሪ» አሏት።

ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበች። እያንዳንዱ ስም ሲጠራ «አዎ… አዎ» ይላሉ። ስለዚያች ትንሽ ጅረት የጻፍኩት ሲነበብ በሳቅ ጭናቸውን መቱ። ከዚያ የጉድቡ ገጽ ደረሰ።

«በወረዳው ውስጥ ጥንታዊ የመከላከያ ጉድብ ይገኛል» ብላ አነበበች።

«ቀጥዪ።»

«አልቋል አባዬ። ከዚህ በኋላ ስለ አየር ንብረት ነው።»

«ደግመሽ አንብቢው።»

ደግማ አነበበችው። ያው አንድ መስመር ነው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ ቢሆን ኖሮ በቀለለኝ፤ እንዲያው ያልገባው ሰው እንደሚያይ ነው ያዩኝ።

«በሚቀጥለው እትም ይገባል» አልኳቸው። የኃላፊው ቃል ከአፌ ሲወጣ ተሰማኝ።

«እሺ» አሉ። ከዚያ ለልጃቸው «ለመምህርት ማር ጨምሪላቸው» አሏት።

እስከ ዋናው መንገድ ሸኙኝ። ስንሰነባበት ሳልዘረጋላቸው ራሳቸው ቀድመው እጃቸውን ሰጡኝ፤ አንጓቸውን ሳይሆን መዳፋቸውን። «አይዘኑ» አሉኝ። «ውሃዎቹ ሁሉም ገብተዋል።» ያንን ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር። ቦንጋ እስክገባ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሰው የሞተብኝ መስሏት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ።

ከተዛወርኩ በሁለተኛው ዓመት የድሮ አከራዬ ለሕክምና ቦንጋ መጥታ ቤቴ አደረች። በጨዋታ መሐል «ያ ጫካውን ሲያሳይሽ የነበረው ሰውዬ ሞተ እኮ» አለችኝ። ቀፎ ሊያወርዱ ወጥተው ከዛፍ ወድቀዋል። የሰፈራቸው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ሲወርዱ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ አረፉ። ከተቀበሩ ወር አልፏቸው ነበር።

በማግስቱ ያንን ከመጽሐፉ የወጣውን ገጽ ቦንጋ አንድ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት በወፍራም ወረቀት አሳተምኩ፤ ስማቸውን ከሥሩ አስጻፍኩ። ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ አክስቷ ቤት ነበረች፤ ቁመቷ ጨምሯል፣ ጥቁር ለብሳለች። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው።

«ይሄ መጽሐፉ ውስጥ ገባ?» አለችኝ።

«አልገባም። ለአንቺ ነው ያመጣሁት።»

«እኔማ አውቀዋለሁ» አለች። ለክፋት ብላ አይደለም። ወረቀቱን ግን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ጊዜ አላየኋትም። ባለፈው ዓመት ቦንጋ መናኸሪያ ቆሜ ወደ ዋጫ የሚሄድ መኪና ስጠብቅ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሆና አየችኝ። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቦርሳ አንግታ፣ ቆንጆ ወጣት ሆናለች። ከጓደኞቿ ተነጥላ መጣችና ሳመችኝ። መምህርነት እየተማረች ነው፤ ልትመረቅ ጥቂት ቀርቷታል። አባቷ ቢያዩ ብዬ አሰብኩ።

በዚያው ሳምንት ወረዳው መጽሐፉን እንደገና ሊያሳትም መሆኑን ሰምቼ ነበር። የድሮው ኃላፊ ተነሥቷል፤ በቦታው የመጣው ወጣት ደውሎልኝ፣ «ያኔ የወጣ ነገር ካለ ይላኩልኝ፣ ሁሉንም እናስገባለን» ብሎኛል። ይህን ስነግራት ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ፊቷ ጠቆረ። ወደ ጓደኞቿ ዞር ብላ አየች።

«መምህርት፣ እባክዎ አይላኩት» አለችኝ።

«እንዴት? አባትሽ እኮ…»

«አባዬ እንደሚፈልግ አውቃለሁ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እነሱ አያውቁም። አንድ ዶርም ነው የምንኖረው፤ በአንድ ሳህን እንበላለን። የሰፈራችን ስም ከተጻፈ እዚያ የተወለደ ሰው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ልመረቅ፣ ሥራ ልያዝ። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ እነግርዎታለሁ።»

ትከሻዋን ያዝኳት። ጓደኞቿ ጠሯት፤ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ እየሳቀች ሄደች። አንደኛዋ የተጠበሰ በቆሎ ገምጣ አቀበለቻት፤ እሷም ከዚያው ገመጠች።

ለወጣቱ ኃላፊ ደውዬ የምልከው ነገር እንደሌለኝ ነገርኩት። ሁለተኛው እትም ሽፋኑ ተለውጦ ወጣ፤ ውስጡ ያው ነው። እሷ ተመርቃ ቢታ ገነት አካባቢ አንደኛ ክፍል እንደምታስተምር ሰማሁ። በቅርቡ ለፈተና ሥራ ወደዚያው ተልኬ ነበር። ትምህርት ቤቷ ከመንገዱ ይታያል፤ ልጆቹ ሜዳ ላይ ተሰልፈው ይዘምሩ ነበር። ወርጄ ልስማት ፈለግሁ። አብሮኝ ያለው መምህር እዚህ ማንን ታውቂያለሽ ቢለኝ፣ ከየት ታውቂያታለሽ ቢለኝ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ። መኪናው እስኪያልፍ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።